በመካከላችን ይቅርና፣ ሐኪሙ ለምን አይጽፍም?

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከምርመራ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ስሜ ይቅር፤ የሠራሁባቸው ክሊኒኮች ስምም ይቅር። ከገርጂ እስከ አያት፣ ከቡልቡላ እስከ ቦሌ አራብሳ ያሉ ባልደረቦቼ ግን ሲያነቡት የማን ወሬ እንደሆነ አይጠፋቸውም፤ የሁላችንም ነውና። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውየውን ያሳመመው ሥራው መሆኑን ብዙ ጊዜ እናውቃለን፤ ግን አንጽፈውም። ስላልጻፍነውም ለጤና ቢሮም ሆነ ለሥራና ክህሎት ቢሮ አይደርስም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ በየተመላላሽ ክፍሉ የሚታወቀውን ነገር ሳይሰማ የቀረው ሊሰማው የሚገባው መሥሪያ ቤት ነው።

ከካርዱ እንጀምር። የታካሚ ካርድ ላይ ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ወረዳ አለ፣ ስልክ አለ። «ሥራ» የሚል ቦታ ሲኖር ባዶውን ይታለፋል፤ ከተሞላም «የግል» ወይም «ተቀጣሪ» ይላል። «የግል» በምትለው ቃል ውስጥ ግራናይት ቆራጩ፣ በያጁ፣ የመኪና ቀለም ቀቢውና የፀጉር ቤት ባለሙያዋ ተጨናንቀው ይገባሉ። እኛ ክፍል ሲደርሱ ሁሉም አንድ ሰው ሆነዋል፦ የሚያስል ሰው።

ይህ የከተማ ክፍል ደግሞ ሥራ የበዛበት ነው። ሰሚት፣ ሲኤምሲና አያት ሕንፃ መውጣቱን አላቋረጡም። ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በተመሠረተው ለሚ ኩራ በየመንደሩ ብሎኬት ይመረታል፣ ብረት ይበየዳል። መንግሥት ካለማቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ቀዳሚ የሆነው ቦሌ ለሚም እዚሁ አቅጣጫ ነው፤ በስፌትና በቆዳ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ይውሉበታል። ቦሌ መሐል ደግሞ የፀጉር ቤቱ፣ የዳቦ ቤቱ፣ የጋራዡና የኬሚካል እጥበቱ ብዛት ይታወቃል።

ታዲያ በራችንን ሲያንኳኩ ማንም «ሥራዬ አሞኛል» ብሎ አይገባም። ቀኑን ሙሉ ጂፕሰም ሲፍቅ የሚውለው «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። አርማታ የሚያቦካው እጁ ተሰነጣጥቆ «አለርጂ ነው» ይላል። ሌሊቱን ዱቄት ውስጥ የሚያድረው ጋጋሪ «ብርድ መታኝ» ይላል። ከስፌት ላይን የመጣችው ልጅ «ጨጓራዬና ወገቤ» ትላለች፤ ሽንቷን የሚያቃጥላትም ሽንት ቤት ላለመመላለስ ውኃ ስለማትጠጣ እንደሆነ፣ ሲስተር ነጥላ ካልጠየቀቻት አትናገርም። እኛም ሳይነስ፣ አለርጂ፣ ጉንፋን፣ ጨጓራ እያልን እንጽፋለን። ውሸት አልጻፍንም። የጻፍነው ግን ግማሹን ነው።

ግማሹን ለመሙላት ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። የመጀመሪያው «ቀኑን ሙሉ እጅህ ምን ሲነካ፣ አፍንጫህ ምን ሲስብ ይውላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዕረፍት ስትወጣ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትሄድ ይሻልሃል?» ነው። ለፋሲካ ወሎ ሰንብቶ ሳሉ ጠፍቶለት፣ ሥራ በገባ በጥቂት ቀን ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው አስሙን ከየት እንዳመጣው ነግሮናል። በጥጥ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ ሕመም ደግሞ ሰኞን ይመርጣል፤ ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ደረትን ጨምድዶ ይይዝና ሳምንቱ ሲገፋ ይላላል። ጥርጣሬውን ማጥበቅ የፈለገ ሐኪም ለታካሚው ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባለውን ትንሽ መንፊያ ይሰጠዋል። በሥራም በዕረፍትም ቀን አራት አራት ጊዜ እየነፋ ለጥቂት ሳምንታት ቁጥሩን ቢመዘግብ፣ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ፍንትው ብሎ ይወጣል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የድንጋይ ቆራጩ ነገር ነው። ለአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ደረጃና ኩሽና የሚሆነው ግራናይት በግራይንደር በደረቁ ይቆረጣል። ነጭ ደመና ይነሳል፤ ልጁ አፉን በሻሽ ይሸፍናል። ሻሹ ትልልቁን አቧራ ይይዝ ይሆናል፤ ወደ ሳንባ ጥግ የሚወርደው የሲሊካ ብናኝ ግን በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው። ልጁ ከዓመታት በኋላ ሳል ይዞት፣ ከስቶ ሲመጣና ኤክስሬዩ የሳንባው የላይኛው ክፍል ላይ ጥላ ሲያሳይ፣ በእኛ አገር ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ እንዲህ ያሰበ ሐኪም አይፈረድበትም። አክታው ነጻ ቢሆንም «ለማንኛውም» ተብሎ መድኃኒት ይጀመራል። የሚብሰው ደግሞ ሲሊካ የገባበት ሳንባ ለቲቢ በብዙ እጥፍ የተጋለጠ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ደረት ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። መዝገብ ላይ የሚቀረው ግን «ቲቢ» ብቻ ነው። ግራናይቱ ስሙ ሳይነሳ፣ ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ወደዚያው ደመና ይመለሳል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ

ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን፣ ከሥራው ዓይነት ወይም ሠራተኛው ከሚሠራበት አካባቢ የተነሳ በአካላዊ፣ በኬሚካላዊ ወይም በሕይወታዊ ነገሮች የሚደርስ የጤና መታወክ አድርጎ ይወስደዋል። የበሽታዎቹ ሠንጠረዥ በመመሪያ እንዲወጣና ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲታደስ ያዛል። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችውም ገና እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በአዋጁ ግን በሽታውን የመመዝገብና ለሚመለከተው ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ የተጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

እንግዲህ አሠሪው በራሱ ላይ ይመስክር ማለት ነው። ማሽን ጣት ቢቆርጥ መደበቅ ያስቸግራል፤ ደም አለ፣ ያየ ሰው አለ። ሳንባ ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጎዳው። ሠራተኛውም አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዘንድሮ አያት፣ ከርሞ ገላን፣ ከዚያም ዓረብ አገር ነው። በሽታው ሲገለጥ የቀድሞው አሠሪ «ከለቀቀ ቆየ» ይላል፤ የአሁኑ «ይዞት ነው የመጣው» ይላል። በዚያ ሰዓት ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የመስማት ዕድል ያለው ሐኪሙ ነው።

የሐኪሙ አንዲት መስመር ስንት እንደምትመዝን በደመወዝ ላሳያችሁ። አንዲት ሠራተኛ ስድስት ወር ታማ ተኛች እንበል። ሕመሙ ተራ ሕመም ከተባለ፣ አዋጁ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ይሰጣታል፤ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ድምሩ የሁለት ወር ደመወዝ ነው። በሥራ ምክንያት የመጣ ነው ከተባለ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል፤ ይህ የአምስት ወር ከሩብ ደመወዝ ይሆናል። ካልዳነች ለሌላ ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይቀጥላል፤ የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚጀምረው በሕመም ፈቃድ ወረቀቱ፣ በሲክ ሊቩ ላይ ከምትሰፍር ወይም ከምትቀር አንዲት ሐረግ ነው። እኛም የምንፈራት ለዚሁ ነው።

«እንዳይጽፉብኝ ዶክተር»

አሁን ወደ ውስጠኛው ወሬ፣ እንዳንጽፍ ወደሚያደርጉን አራት ምክንያቶች ልግባ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ቦሌ ላይ ያሉ ብዙ የግል ክሊኒኮች ጥሩ ገቢ የሚያገኙት ከድርጅት ውል ነው። ሠራተኛው የድርጅቱን ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ እናክመዋለን፤ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ለድርጅቱ ይላካል። ስለዚህ ከፊታችን የተቀመጠው ታካሚ ቢሆንም ደንበኛችን አሠሪው ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ቤት፣ አንድ ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ሲክ ሊቭ ላይ «ከሥራው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ጠራው። «ዶክተር፣ እኛ በሽታውን እንጻፍ፤ ምክንያቱን እግዜር ያውቀዋል» አለው። ማንም አላስፈራራውም፤ ማንም ከሥራ አላባረረውም። ከዚያ በኋላ ግን በእሱ እጅ «አስም» ብቻ ሆነ የሚጻፈው።

ሁለተኛው ከታካሚው ራሱ ይመጣል። «ለእንጀራዬ ነው ዶክተር፣ እባክዎ እንዳይጽፉብኝ» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፤ የተናገረ ሥራ እንደማይገኝለት ግን በዓይኑ አይቷል። የቀን ሠራተኛው የጽሑፍ ውል በእጁ የለም፤ ፎርማኑ ነገ «አትምጣ» ቢለው ምን ይዞ ይከራከራል? የፋብሪካዋ ልጅ በአንድ ክፍል አራት ሆነው ተከራይተው ለቤተሰብ ብር የምትልክ ናት። እኔ ብዕር ሳነሳ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እንዲህ ስትለማመጠኝ ዝም ማለት ርኅራኄ ይመስለኛል። ከእሷ በኋላ በዚያው ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ግን አትታየኝም።

ሦስተኛው የማስረጃ ፍርሃት ነው። ጥላውን ኤክስሬይ ላይ አይቻለሁ፤ አቧራውን ግን አልለካሁም። ነገ ፍርድ ቤት ተጠርቼ «ከዚህ ድርጅት ለመምጣቱ ማረጋገጫዎ ምንድን ነው?» ብባል ምን እላለሁ? የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ እኔ በደቂቃዎች ውስጥ ቀጣዩን ታካሚ መጥራት ያለብኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ባልጽፍ ይሻለኛል ብዬ አልፋለሁ።

አራተኛው ቀላል ይመስላል፦ ለማን ልላክ? ኮሌራ ወይም ኩፍኝ ስጠረጥር ለማን እንደምደውል አውቃለሁ። በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በኩል የሚመራው የቅኝት መረብ ወዲያው የሚነገረውንና በየሳምንቱ የሚላከውን በሽታ ለይቶ አስቀምጦልናል። የድንጋይ ቆራጭ ሳንባ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። የጤናው ወገን ወረርሽኝ ይጠብቃል፤ የሥራው ወገን ተቆጣጣሪ ወደ ፋብሪካ ይልካል። ወረቀቴ ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ሲወድቅ ማንም አያነሳውም።

አጥኚ ሲመጣ ብቻ

ችግሩ ስለማይቆጠር የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጡ ተፈትቶ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶው፣ በማበጠሪያው ክፍል ደግሞ 37.5 በመቶው ያ ሰኞን የሚመርጠው የሳንባ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በሌሎቹ ክፍሎች መጠኑ ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጥናቱ ከመምጣቱ በፊትም ይታመሙ ነበር፤ ከመካከላቸውም ሐኪም ዘንድ የሄደ አይጠፋም። ያየቻቸው ግን መጠይቅና የትንፋሽ መለኪያ ይዛ የመጣች የአጥኚዎች ቡድን ናት። በኋላም በሲሚንቶ፣ በአበባ እርሻና በቡና ማዘጋጃ ሠራተኞች ላይ ተመሳሳይ ጥናቶች ተሠርተዋል። በእኛ አገር የሠራተኛ ሳንባ የሚቆጠረው አጥኚ ሲመጣለት ነው፤ አጥኚው ሲሄድ ቆጠራውም አብሮት ይሄዳል።

ሌላው ዓለም ይህን ከሐኪም ብዕር ጋር ያገናኘው ከቆየ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1895 ባወጣችው የፋብሪካ ሕግ በእርሳስ፣ በፎስፈረስና በአርሴኒክ የተመረዘ ወይም አንትራክስ የያዘው ሠራተኛ ያየ ሐኪም ሁሉ ለፋብሪካዎች ዋና ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ አዘዘች። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ ይህንኑ በሐኪሙ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ለእኔ ግን ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው፣ ስዎርድ የተባለው የፈቃድ ሪፖርት ነው። የሳንባ ስፔሻሊስቶችና የሥራ ሕክምና ሐኪሞች አዲስ ያዩትን በሥራ የመጣ የሳንባ በሽታ፣ የታካሚውን ሥራና የጠረጠሩትን ነገር ጽፈው ይልካሉ። ማንም አይከሰስበትም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ2,000 በላይ ታማሚ ተመዘገበ። የመኪና ቀለም ረጪዎችን አስም የሚያስይዘው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ከአስም ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ፊት ወጥቶ ታየ። የዚህ ቀለም ሽታ ገርጂና ሃያ ሁለት ባሉት ጋራዦች በር ላይ ለሚያልፍ ሁሉ አዲስ አይደለም።

የአውስትራሊያው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። ለኩሽና ጠረጴዛ የሚውለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል። ወጣት ቆራጮች ሲሊካ በሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ በሲሊኮሲስ መታመማቸውን ያዩ ሐኪሞች ዝም አላሉም፤ ቁጥሩ ተሰበሰበ፣ ክርክሩ ፓርላማ ደረሰ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሪቱ ድንጋዩን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የተከፈተው ብሔራዊ መዝገብም የሳንባና የሥራ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሲሊኮሲስን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

ሁለት በር ይከፈትልን

ባልደረቦቼ እንዲጽፉ የምትፈልጉ ኃላፊዎች፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቆጠራውን ከካሣው ለዩልን። ዛሬ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ የገባበት ሐኪም ወዲያው የአሠሪና የሠራተኛ ክርክር ውስጥ ምስክር ይሆናል። ለዚህ ነው በሩን ሳናንኳኳ የምናልፈው።

የመጀመሪያው በር የጤና በር ይሁን። ጥርጣሬ ይብቃው። የሚጠየቀው የታካሚው ሥራ፣ የሚነካው ወይም የሚስበው ነገር፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ የተጠረጠረው በሽታና ወረዳው ነው። የታካሚው ስም ከክሊኒኩ አይውጣ፤ የድርጅቱም ስም አይጠየቅ። ወረቀቱ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ከአንድ አካባቢ ብዙ ድንጋይ ቆራጭ ሲጠራቀም፣ ተቆጣጣሪው በዚያ ሠፈር ያሉትን መቁረጫ ቤቶች በሙሉ ይጎብኝ። ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥን ያስተምር፣ የአቧራ መሳቢያና ተገቢ ማስክ ይጠይቅ። ማን እንደተናገረ ፎርማኑም አያውቅ፣ ክሊኒኩም ውሉን አያጣ።

ሁለተኛው በር የካሣ ነው። ታካሚው ሲወስንና ሲፈቅድ ብቻ ሐኪሙ ሙሉ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ጉዳዩም ወደ ሕክምና ቦርድ ይሄዳል። ስም የሌለው ሪፖርት ጥርስ የለውም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ጥርሱ በአዋጁ ውስጥ ተተክሏል፤ የጎደለው የሚነከሰውን የሚያሳይ ቁጥር ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ሲልፈሰፈስ ፖሊዮ መሆኑን እስክናረጋግጥ አንጠብቅም፤ ወዲያው እናሳውቃለን። ሰገራው ለላብራቶሪ ይላካል፤ አብዛኛውም ፖሊዮ ሳይሆን ይቀራል። «በከንቱ ለምን አስደነገጣችሁን?» የሚል የለም። እንዲያውም የሚጠበቀውን ያህል ጥርጣሬ ያላቀረበ አካባቢ ቅኝቱ ደካማ ነው ተብሎ ይጠየቃል። በልጆች እግር ላይ ያስለመድነውን በወላጆቻቸው ሳንባ ላይ እንድገመው ነው የምለው።

መልስ መስጠትም አይረሳ። ሐኪም የሚሰለቸው ወረቀቱ ጉድጓድ ሲገባ ነው። የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያውን ቢጫ ቅጽ ሞልተን «ደርሶናል» የሚል ቃል ስናገኝ ቀጣዩን ለመሙላት እጃችን ይቀላል። ክፍለ ከተማው በየሩብ ዓመቱ «ከእናንተ ይህን ያህል ደረሰን፣ ይህን አደረግን» የሚል አንድ ገጽ ቢልክልን ከሥልጠናና ከአበል ይልቅ ይሠራል።

ስለ ሌላው ስናወራ የራሳችንንም ጉድ ላንሳ። መርፌ የወጋው ሐኪም ወይም ነርስ ጣቱን በአልኮል አብሶ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ሲዞር ያላየ ማን ነው? የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት እናውቃለን፤ ሄፓታይተስ ቢም እንደሚተላለፍ እናስተምራለን። መዝገብ ላይ መጻፍ ግን «ምን ይሉኛል» ይሆንብናል። አዋጁ በአካባቢው የተለመዱ ተላላፊ በሽታዎችን ከሥራ በሽታነት ሲያወጣ እንኳ፣ እነዚያን በሽታዎች መዋጋት ሥራቸው የሆነውን ሰዎች ለይቶ አስቀርቷል። ሕጉ ያሰበልንን እኛ ለራሳችን አልጻፍነውም። የራሱን በመርፌ መወጋት ያልመዘገበ ሰው የሌላውን አቧራ ይመዘግባል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ ልምምዱ ከቤታችን ቢጀመር ይቀለናል።

የጤናው በር ቅጽ እስኪመጣ ድረስም ቢሆን ሁላችንም የምንችለው አለ። እናንተ ታካሚዎች ስትገቡ ከሕመሙ አስቀድማችሁ ሥራችሁን ንገሩን፤ «ጋራዥ ነው የምሠራው» ብቻ ሳይሆን «ቀለም እረጫለሁ» በሉን። የዕረፍት ቀን እንደሚሻላችሁ ወይም እንደማይሻላችሁ አስተውላችሁ ኑ። እናንተ ባልደረቦቼ ደግሞ ሲክ ሊቩ ላይ ባትደፍሩ እንኳ በካርዱ የውስጥ ገጽ ላይ ሥራውን፣ የሚስበውን ነገርና ዓመቱን ጻፉ። የካርዱ ገጽ ለኤችአር አይሄድም። ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ቦርድ ፊት ቢቆም፣ ወይም ክፍለ ከተማው መቁጠር ቢጀምር፣ ያቺ መስመር ተፈልጋ ትገኛለች።

ለኃላፊዎች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መቁጠር የተጀመረ ዕለት ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ያልታየው መታየት ሲጀምር የትም አገር እንዲህ ነው። «በእናንተ ክፍለ ከተማ በሽታ በዛ» ብሎ ሐኪሙን የሚጠራ ኃላፊ ከመጣ፣ ሁላችንም በነጋታው ወደ «አስም» እንመለሳለን።